ምላጩን በራሱ አገጭ

ወንድም ዓለሜ፣

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ በርህን ያንኳኳ። እንዴት ሰንብተሃል? ያ ድካምስ ተወህ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደ አመሏ ክር እየበጠሰች ታናድደኛለች።

አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሆዱ ስላበጠ የሱሪውን ወገብ አሰፋሁለት፣ ትከሻው ግን ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል፤ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቱ «መጠጥ ነው የጣለው» ብሎ ፈርዶበታል፤ ብርጭቆ ሲያይ ፊቱን በሚያዞረው ሰው ላይ። ሐኪሙ ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል አለኝ። «መጠጥ አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የእሳቸው ከቫይረስ የመጣ ነው። በደም ይተላለፋል፣ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል።» ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀኝ። ፀጉር አስተካካይ አልኩት።

ሲላጭህ ትዝ ይልሃል? «ልጄን እንዳይቆርጠው» እያለ ምላጩን መጀመሪያ በራሱ አገጭ ይሞክር ነበር። ከቆረጠው ደሙን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ወደ አንተ ይዞራል። እኔን ሴት ናት ብሎ ወንበሩ ላይ ስለማያስቀምጠኝ እቀናብህ ነበር።

እኔ ተመርምሬ ነጻ ተባልኩ። ሐኪሙ «ሌላ ልጅ አላቸው?» አለኝ።

ባለፈው «ሱሪዬ ጠበበኝ፣ ምቾት ነው» ብለህ ቀልደህ ነበር። አዲስ ልሰፋልህ ጨርቅ ገዝቻለሁ። የወገብህን ብቻ ሳይሆን የክንድህንም ልክ ላክልኝ። ፎቶም በቀን ብርሃን ተነሳ፣ ዓይንህ በደንብ ይታየኝ። ሐኪም ዘንድ ጎራ ብለህ ስትመለስ ብትለካ ደግሞ ይሻላል።

አባባ ደጋግሞ ሰላም ብሎሃል። እኔም ጉንጭህን ስሜ ልሰናበትህ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ መቀሱን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

እህትህ