ከጎብዬ በታች ያለው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 1979

ሙቀት። ላቦራቶሪ ብለው የሰጡኝ ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው እስካሁን አለቀቀም። ጄኔሬተሩ ጠዋት እምቢ ብሎ ሾፌሩ ደምሴ ሰድቦ ሰድቦ አስነሣው። «ይሄ ስድብ ካልቀመሰ አይሠራም» ይላል።

የዋጃው ውሃ ንጹህ ነው። ያው እንደ ሌሎቹ። ከአዲሶቹ ጉድጓዶች ውሃ ማምጣት፣ አትንኖ ማድረቅ፣ ሰሃኑ ላይ የቀረችው ዱቄት ጨረር እንዳላት በመሣሪያው መቁጠር... ይኸው ነው። እማዬ «ቆቦ ወርደሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ ምን ልበላት? ውሃ አደርቃለሁ?

ነገ ጎብዬ። ጀርባዬን እየበረደኝ ነው። ወባ ባልሆነ...

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ወባ ነው። ትናንት ጉድጓዱ ድረስ ሄጄ ከመኪናው መውረድ አቃተኝ። ናሙናውን ብርኽቲ የምትባል ሴት ሞልታ አመጣችልኝ። ቤቷ እዚያው አጠገብ ነው፤ ገነት የምትባል ትንሽ ልጅ አዝላለች። «ሓፍተይ፣ አንቺ አትውረጂ፣ እኔ እያለሁ» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። ደግ ሴት።

ዛሬ ቆጠርኩት። ከሚፈቀደው ስድስት ሰባት እጥፍ! ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው። ባዶ ሰሃን አስገብቼ ሞከርኩ፣ መሣሪያው ደህና ነው።

ደስ አለኝ። በስንት ጊዜዬ አንድ ነገር አገኘሁ ብዬ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ውጤቱን ለወረዳው ኃላፊ ለጓድ ሙሉጌታ ነገርኩት። ሌላ ናሙና አምጥቼ ላረጋግጥ ልለው ነበር። ሳልጨርስ ደሴ ላሉት አለቆቹ ሊደውል ስልኩን አነሣ። ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ላይ ብረት ተጋድሞ ተቆለፈ፣ ሚሊሻም ቆመበት።

«የአድኃሪያን እጅ አለበት» አለ። ጉድጓድን በጨረር ማን ይመርዛል? ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ትኩሳቱ ሲለቀኝ ወደ ጎብዬ ወረድኩ። ሰዉ ከወንዙ ነው የሚቀዳው። ወንዝ ማለት ደግሞ ከብት የሚረግጠው ኩሬ። ቤት ለቤት ተቅማጥ። ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል።

ብርኽቲ ቤት ገባሁ። ገነት መደቡ ላይ ተኝታ ዓይኗ ሰርጎ ገብቷል። ብርኽቲ ያም ሆኖ እንግድነቴን አልረሳችም። የወንዙን ውሃ በገንቦ አቀረበች፣ ከምድጃው አመድ ዘግና ጨመረችበት፣ አማሰለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይጥራልሽ ብዬ ነዋ። አመድ ድፍርሱን ታች ያወርደዋል።»

«የዚያን ዕለትስ? ለእኔ የሞላሽውን?»

«እንዴታ! የጉድጓዱም ገና አልጠራም ነበር። ለመንግሥት እንግዳ ድፍርስ ይሰጣል እንዴ?»

ገንቦውን ሳልነካ ተነሣሁ። ደምሴን ጠርቼ ወደ ቆቦ ተመለስን።

አመድ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ፖታሲየም በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር አለው፤ በሰው ሥጋ ውስጥም አለ፣ ማንንም አይጎዳም። መሣሪያው ግን የመጣውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ከየት መጣህ አይልም። ያንን መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። በገዛ እጄ መቅዳትም የእኔ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ጠባቂው ሚሊሻ አራጌ ይባላል። የሱም ልጆች የወንዙን ነው የሚጠጡት። ስለምነው ፊቱን አዞረልኝ፤ በብረቱ ክፍተት ጠርሙስ በገመድ አውርጄ ራሴ ቀዳሁ። ቆጠርኩት። ምንም የለበትም። ንጹህ ውሃ ላይ አመድ ጨምሬ ቆጠርኩ። ያው የዚያን ቀኑ ቁጥር መጣ።

ሙሉጌታ ጋ ሮጥኩ።

«ባለፈው ተመርዟል አልሽ። ዛሬ አመድ ነው ትያለሽ። ደሴ ምን ልበላቸው?»

«ተሳስታለች በላቸው። እሰሩኝ ከፈለጋችሁ! ጉድጓዱ ብቻ ይከፈት።»

«ከበላይ ትእዛዝ ሲመጣ ይከፈታል።»

«ልጆች እየሞቱ ነው፣ ጓድ ሙሉጌታ።»

«ለጊዜው ወንዙ አለላቸው» አለኝ። ወንዙ አለላቸው!

ካፍ ከወጣ አፋፍ። የእኔው ደሴ ደረሰ።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ገነትን ወደ ቆቦ ልናደርሳት መኪና ላይ አወጣናት። ግማሽ መንገድ ላይ ብርኽቲ «አቁም» አለችው ደምሴን። አቆመ። የገነትን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

መልሰን ወሰድናት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ትእዛዝ አልመጣም። ደምሴ የጎማ መፍቻውን አውጥቶ ቁልፉን ገነጠለው። አራጌ «እኔ ሽንቴን ልሸና ሄጄ ነበር» አለ። ብረቱን ሦስት ሆነን ገፋነው።

ማንም አልቀረበም። ግራሩ ሥር ቆመው ያዩናል። ውሃው ውስጥ መብረቅ አለ ይላሉ አሉ። ማን አስተማራቸው? እኔ። ምንም የለበትም፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ጮህኩ። ቀድቼ ፊታቸው ጠጣሁ። ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ቆቦ አልመለስም። እዚሁ ድንኳን ተክዬ አድራለሁ፤ ከዚህ ብቻ እጠጣለሁ። ይዩኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

በጠዋት መጥተው አዩኝ። «አለች» ተባባሉ። ገብሩ የሚባሉ ሽማግሌ አህያቸውን አጠጡ፤ እሳቸው አልቀመሱም። ነገ አህያዋን አይተው ይወስናሉ።

ዓርብ፣ ግንቦት 21

አህያዋ ደህና ነች። እኔም።

ብርኽቲ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ነበረበት?»

«ምንም። የእኔ ስህተት ነው።»

«ገነት እንዲያው ሞተች?»

አመዱን አልነገርኳትም። አልነግራትም። ይህን ደብተር ከማንበቧ በፊት ይቃጠል። «አዎ፣ እንዲያው። በእኔ» አልኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀሪካኗን ሞላች። ለሌሎቹ ልጆቿ። ከግራሩ ሥር ያሉት ሲያዩዋት ቆዩ። «ነገ እኛም እናያለን» አለች አንዷ።

ነገ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ሦስት ሴቶች ገንቦ ይዘው ቆመው ነበር። አንዷ ገመዱን ይዛለች። ያኔ የሙሉጌታ መኪና ደረሰ። ሁለት የማላውቃቸው ሚሊሻዎች። «ቁልፍ የሰበረችው አንቺ ነሽ? ውጪ፣ ደሴ ትፈለጊያለሽ።»

ሴትየዋ ገመዱን ለቀቀችው።

መታሰሩን አልፈራሁም። እነሱ ግን ምን ይላሉ? ሦስት ቀን ጠጣች፣ በአራተኛው በመኪና ተጭና ሄደች። ውሃው ጣላት ነው የሚሉት። ሌላ ምን ይበሉ? ከእንግዲህ ማን ይቀዳል?

ልብሴን ልያዝ ብዬ ድንኳን ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። እየጠሩኝ ነው። ደብተሩን ለደምሴ እሰጠዋለሁ። አብሮኝ ድንኳኑ ገብቷል፤ እጁን ይዤ ለመንኩት፤ «ደምሴ፣ በየቤቱ እየዞርክ ንገርልኝ። ታሰረች በላቸው። በእግዜር፣ ታመመች እንዳትል።»