ዘንቢል ውስጥ የምትቀረው ቀይ ኮፍያ

ይድረስ በቻርልቪል ለምትኖሪው እናቴ ለሎርና፤

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዝናቡስ ዘንድሮ ዘልቆ ጣለላችሁ ወይስ እንደ ልማዱ ደመናውን አሳይቶ አቧራውን ትቶላችሁ ሄደ? ወንድሜን ኪትን በሬ ወጋው መባሉን ሰምቼ ሆዴ ባብቶ ሰነበተ፤ መዳኑን በአክስቴ በኩል አሳውቂኝ። እኔና ልጄ ኔሪዳ አልታመምንም፣ አልተራብንም። በዚሁ ደህና ነን ብዬ እንዳልዘጋው ግን አንቺ ከቃሌ ይልቅ የእጅ ጽሕፈቴን ነው የምታነቢው። ፊደሎቼ ሲንቀጠቀጡ አይተሽ ከምትብሰለሰዪ እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ።

ፖስታው ላይ የሜልበርን ማህተም ብታዪ እዚያ ያለሁ አይምሰልሽ። የእትዬ ኡና የወንድም ልጅ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ባሕሩን ሲሻገር እዚያ እንዲያስገባልኝ ሰጥቼው ነው። ስልክ ያልደወልኩልሽም ዳሪል ዛሬም "ሚስቴ ደወለች ወይ?" እያለ ቤትሽ ብቅ እንደሚል ስለሰማሁ ነው። ጠይቆሽ "አላውቅም" ስትዪው እውነትሽን እንዲሆን ፈለግሁ።

እትዬ ኡና ያስጠጋችን ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኮረብታው ላይ ብቻዋን በግ ታረባለች። ከሴቶች መጠለያው የምንወጣበት ቀን ሲደርስ ከግቢዋ ያለችውን ጎጆ ጠርጋ ሰጠችን። ግን የሱፍ ነጋዴዎቹ ሱፏን በማይረባ ዋጋ እየወሰዱባት መንጋውንም መሬቱንም ልትሸጥ ደርሳ ነበር። እሷ ከሸጠች እኛም መሄጃ የለንም። ስለዚህ ሱፉን ራሳችን ፈትለን የልጆች ኮፍያና ካልሲ እየሠራን በኢንተርኔት እንሽጥ አልኳት። "እኔ ስልክ ማንሳት እንኳ ይጨንቀኛል፤ አንቺ ካወቅሽበት ክፈቺው" አለችኝና ከፈትነው።

ሰው መጣ እማዬ። እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳል። ስክሪኑ ላይ ገቢ ወጪው ይታየኛል፤ ኮፍያውን አገላብጦ ያያል፣ ሊገዛ የመረጠው በሚቀመጥባት የሱቁ ዘንቢል ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ዘንቢሉን መሬት ላይ ጥሎ እልም! ክረምቱ ገባ፣ መደርደሪያችን እንደሞላ ነው። እትዬ ኡና ማታ ማታ በጎቿን በየስማቸው እየጠራች ስትሰናበት እሰማት ነበር።

ከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኮሊን የሚባል ሽማግሌ አለ። ዕድሜውን በሙሉ ትልቅ መደብር ውስጥ ጫማ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ እንደኛ ያለውን በነጻ ያማክራል። ሱቃችንን አየና ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን እጁን ይዘሽ በር ድረስ ታመጪዋለሽ፤ ከዚያ ‘ቆይ፣ መጀመሪያ ተመዝገብ’ ትዪዋለሽ። ሊከፍል ኪሱ ሲገባ ደግሞ የመላኪያውን ዋጋ ድንገት አናቱ ላይ ትጥዪበታለሽ። እኔም ብሆን እሮጣለሁ!" አለኝ። ምዝገባውን አስቀረን፤ የመላኪያውን ዋጋ ፊት ለፊት ጻፍን። አንድ ሁለት ሰው ገዛ። እሱ ግን ገና አልረካም። "የሠራውስ ማነው? ስም የለ፣ ፊት የለ፣ አድራሻ የለ። በር ከፍተሽ ፊትሽን ከሸፈንሽ ማን ያምንሻል? ነይ፣ ፎቶሽን ላንሳሽ" ብሎ ስልኩን አወጣ።

እጄን ፊቴ ላይ አደረግሁ። "ምነው፣ ፖሊስ ይፈልግሻል እንዴ?" ብሎ ቀለደ።

"ባሌ ነው የሚፈልገኝ" አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ "ይቅርታ ልጄ" ብሎ ሻይ ሊያመጣልኝ ተነሳ፤ ሻዩን ሳያመጣም ተመለሰ።

ይህን ለእትዬ ኡና ስነግራት ካሜራ አጥብቃ የምትጠላዋ ሴትዮ ፀጉሯን እንኳ ሳታበጥር ከበጎቿ መሀል ቆመች። "የኔን ለጥፉት! ይህን ፊት ማን ይሰርቀዋል?" አለች። ስሟን፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥሯን፣ ካልወደዳችሁት መልሱልኝ የሚል ቃሏን ጻፍን። ከኔ ፎቶው ላይ ኮፍያዎቹን የያዙ ጣቶቼ ብቻ ቀሩ። እማዬ፣ ያን ጊዜ ሰዉ መግዛት ጀመረ! አንዱ ገዝቶ ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ጎረቤቱም ይገዛል። እትዬ ኡና ትእዛዝ በመጣ ቁጥር እንደ ወጣት እየዘለለች "ሌላ ሞኝ መጣልን!" ትል ነበር።

ፍርሃቴ የጀመረው በዚህ ደስታ መሀል ነው። ስክሪኑ እንግዳው ከየትኛው ከተማ እንደመጣ ይናገራል። አንድ ቀን "ቱዉምባ" የሚል አየሁ። የዳሪል ከተማ። ቱዉምባ ስንት ሺህ ሰው አለ ብዬ ራሴን ገሰጽኩ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም። ሁልጊዜ ጆሮ ላይ የምትታጠፈዋን ቀይ ኮፍያ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ የምትሆነዋን፣ ዘንቢል ውስጥ ይከታታል፤ ኢሜይሉን ይጽፋል፤ አድራሻ የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቆሞ፣ ቆሞ፣ ይሄዳል። ኔሪዳ ስድስት ዓመቷን ገና መያዟ ነው።

መጋረጃ መዝጋት ጀመርኩ። ውሻው በጮኸ ቁጥር ልጄን አልጋ ሥር አስገባታለሁ፤ እሷ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። አሟታል ብዬ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ሱቁን ልዝጋው ስል እትዬ ኡና ተቆጣች። "በግ ሁሉ ጥላ ባየ ቁጥር ሣሩን ትቶ ቢሮጥ በረሃብ ያልቅ ነበር!" አለችኝ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የባሏን ጠመንጃ ከቁም ሳጥን አውጥታ ወልውላ በሩ ጀርባ አቆመችው። እኔን የምትገስጸኝ እሷም ፈርታ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

የባሰው ገና ነበር። ኮሊን ቀደም ብሎ አንድ ነገር መክሮን ነበር፤ ዘንቢሉን ትቶ ለሄደ ሰው ሁሉ "የመረጡት ዕቃ ይጠብቅዎታል፤ ያስቸገረዎት ነገር ካለ ይንገሩን" የሚል መልእክት በራሱ ጊዜ እንዲሄድ አድርገነው ነበር። ብዙ ደንበኛም መልሶልናል። እኔ ግን ለቱዉምባውም እንደሚሄድ አላሰብኩም። ያየሁት ከተላከ በኋላ ነው። ስሸሸው የኖርኩትን ሰው በር ሄጄ በገዛ እጄ አንኳኳሁ ማለት ነው።

መልሱ መጣ። ማንበብ አቅቶኝ እትዬ ኡና መነጽሯን አድርጋ አነበበችልኝ። እንዲህ ይላል፤

"ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ዶሪን። ጆሮ ላይ የሚታጠፈውን አሠራር ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ሳየው አወቅሁት። ቀጥሎ አውራ ጣትሽ ላይ ካውያ ያቃጠለሽን አየሁ። እሱ አላወቀም። የምትኖሪበትንም አልጠይቅሽም። ኮፍያዋን እንዳልገዛ ወደ ቤቴ የሚመጣውን ሁሉ ከፍቶ የሚያየው እሱ ነው። የልጅቷ ራስ አሁን የትኛው ልክ እንደሚሆን እያሰብኩ ነው ዘንቢሉን የማነሳው። ካስጨነቅሁሽ ማሪኝ።"

ዶሪን የዳሪል እናት ናት፤ ታውቂያታለሽ። ላለቅስ ስል እትዬ ኡና "ቆይ! እሱ በእናቱ ስም ቢጽፍስ?" አለች። እሱ ሊያውቀው የማይችል ነገር ፈልጌ "ለመጨረሻ ጊዜ የተያየን ዕለት ለልጄ ምን አደረግሽላት?" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ እስኪመጣ የጠበቅሁትን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኝም።

"የራሴን ካልሲ አውልቄ አለበስኳት፤ እስከ ጉልበቷ ደረሰላት። አንቺ ‘በዚህ ብርድ በባዶ እግርሽ?’ አልሽኝ። እኔም ‘እናንተ ሂዱ፣ እኔ የትም አልሄድ’ አልኩሽ።"

እውነት ነበር እማዬ። እኔ ከቤቱ ስወጣ እሷ እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የሱ ቁጣ በማን ላይ እንደሚወርድ አላሰብኩም ነበር።

በሳምንቱ ትእዛዝ መጣ። ቀይዋ ኮፍያ። ተከፍሎባታል። የአድራሻው ቦታ ላይ የራሳችንን የፖስታ ሳጥን ገልብጣ "ለሻጭዋ ቤት ይድረስ" ብላ ሞልታለች። እትዬ ኡና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዕቃ በወረቀት ጠቀለለችው፣ በክር አሰረችው፣ "ከእኛ ስለገዙ እናመሰግናለን" የሚለውን ካርድ ጨመረችበት። ኔሪዳ ፈታ ደፋቻት። "ከማነው?" ስትለኝ "ከአንዲት ደንበኛችን" አልኳት።

ፍርሃቴ አልወጣልኝም። እናትየዋ በአንድ ጣት ካወቀችኝ ልጅየው በምን ያውቀኝ ይሆን እያልኩ ነው የማድረው። የኔ እጆች ያሉበትን ፎቶ ከሱቁ አውጥተን በምትኩ የእትዬ ኡናን እጆች አደረግን። ፖሊስ ጣቢያም ሄደን ነግረናል፤ አንዲት ሴት መኮንን በየቀኑ በኛ በኩል ታልፋለች። ሱቁ ግን ክፍት ነው። መንጋው አልተሸጠም። ኔሪዳም ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ በር ላይ ሸኝቻት ከዓይኔ እስክትሰወር ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

ኪትን ሳሚልኝ፤ በሬ ፊት አትደንፋ በዪው። ሚስቱንና መንትዮቹን፣ አክስቴንም እንዲሁ። ጎረቤትሽን ሚስተር ፔትሪን ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ፤ ማታ ማታ በርሽን አይቶ እንዲያልፍ ለምኚልኝ። ለሕክምና ቱዉምባ ስትሄጂ ምናልባት ዶሪንን ብታገኚያት፣ ሰው በተሰበሰበበት ምንም አትበያት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን እቀፊያትና "ልክ ናት፤ ትንሽም ሰፋ ትላለች፣ ለሚመጣው ክረምትም ትሆናታለች" በያት።

የምትወድሽ ልጅሽ ታምሲን

ከደሴቱ፣ በኦገስት ወር መጨረሻ። የመንደሩን ስም ለዛሬም ተዪልኝ፣ እማዬ።