ከበሩ ኋላ ያለ አቧራ

ሰኔ 24፣ ከሰዓት

ሦስተኛ ባልዲ። ወገቤ አልቋል። የግድግዳው ጥላሸት በሳሙናም በበረኪናም አልለቀቀም፤ ኖራው ግን ለቀቀ። ጎበዝ፣ መምህርት ትዕግስት።

ለአከራዬ ለእማ ፋጡማ ወደ ደብረ ብርሃን መዛወሬን ከነገርኳቸው ወዲህ ይሸሹኛል። ወባ የጣለኝ ጊዜ አምስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠው አጥሚት ያጠጡኝ ሴትዮ! ተቀያይመን እንዳንለያይ ፈራሁ። ቢያንስ ቤታቸውን አጽድቼ ላስረክብ።

አሁን በበሩ ብቅ አሉ። መጥረጊያዬን አዩና "ሂን ሃጣኢን" ብለውኝ ሄዱ። ሲከፋቸው ኦሮምኛው ይቀድማል። ሃጣኡ መጥረግ ነው። "ሂን ዴማ" እሄዳለሁ ከሆነ "ሂን" ማጠንከሪያ ነው፤ ይኼም በደንብ ጥረጊ መሆን አለበት። አልጸዳም ማለታቸው ነው። ከፋኝ።

ሰኔ 25፣ ጠዋት

ተናድጄ እየጠረግኩ ነው። ከአልጋው ሥር፦ አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ሁለት ጠመኔ፣ የት/ቤቱ ቁልፍ (ዓመት ሙሉ ዘበኛውን ያማሁበት)። ሁሉም ወደ ቆሻሻው ጆንያ፤ ከቁልፉ በቀር።

እማ ፋጡማ መጥተው ያንኑ ደገሙት፣ ጮክ ብለው። እየጠረግኩ ነው'ኮ አልኳቸው። መጥረጊያውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጥም አልኩ። እንደ ሕፃን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ምን አድርጌያቸው ነው?

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ወይ ጉድ። ወይ የኔ ነገር።

ሰዓዳን፣ የእህታቸውን ልጅ፣ ጠየቅኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ነገሩ ያለው ከቃሉ መጨረሻ ላይ ነው አለችኝ። "ሂን ዴማ" እሄዳለሁ፣ "ሂን ዴሙ" አልሄድም። "ሂን ሃጣኢን" ደግሞ አትጥረጊ!

እማ ፋጡማ ዘንድ የሚሄድ ሰው ቤቱን ራሱ አይጠርግም። ዱካውን ጠርጎ የወጣ አይመለስም ይላሉ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናቸው እያየ ዱካዬን ስጠርግ ከረምኩ። አፈርኩ፣ ደብተሬ። ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ሒሳብ እያስተማርኩ፣ አንዲት ፊደል አሳሳተችኝ።

ሰኔ 26፣ ጠዋት 1፡00

ሻንጣው በር ላይ ነው። ቤቱ ወለል ብሏል፤ አንድ ሰበዝ እንኳ የለም። አስጠላኝ።

ጆንያውን ፈታሁ። አንድ እፍኝ አቧራ ዘግኜ ከበሩ ኋላ በተንኩት። ቀና ስል እማ ፋጡማ ደፍ ላይ ቆመው ያዩኛል። ቋንቋው ጠፍቶኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። አቧራ የነካውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ይኼን እኔም አልነካው፣ ማንም አይነካው። ለመውሊድ ስትመጪ አንቺው ትጠርጊዋለሽ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው። ይቺን አውቃታለሁ።

በኦሮምኛ መመለስ አማረኝ። እመጣለሁ ማለት ፈልጌ አልመጣም እንዳልል ላብ አጠመቀኝ። ከኋላቸው ብቅ ያለችውን ሰዓዳን አየኋት፤ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች፣ ተንኮለኛ።

"ሂን ዹፋ" አልኩ። መጨረሻዋን አፌን ከፍቼ፣ ረዘም አድርጌ።

እማ ፋጡማ ሳቁ። የባጃጁ ጥሩምባ እየጠራኝ ነው፣ ደብተሬ።