የጁምዓው ስልክ

ከሚሴ፣ 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ጅዳ ላለችው እታለሜ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ፣ እታለም? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የአሠሪዎችሽስ ጠባይ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ከሙቀቱና ከእኔ ጋር ከመጣላት በቀር ሌላ ሕመም የለባትም። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውይ ስልኩን አንድ ቀንም ለእኔ ስለማትለቅልኝ፣ ይህን ደብዳቤ ወደዚያው የምትመለሰው መሊካ በእጇ እንድታደርስልሽ ለመንኳት።

ለጥናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ትዕግሥቴ አልቋል። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል እየሰሙ የሚያድጉ ሕፃናት አንጎላቸው ድምፅ እንዴት እንደሚለይ ነው የማጠናው። ሽቦ ያለው ቆብ ልጁ ራስ ላይ ይደረጋል፣ ድምፅ ይለቀቃል፣ አንጎሉ ሲመልስ ኮምፒውተሩ ላይ ሞገድ ይታያል። በቃ ይኸው ነው። ግን መብራት ሲመጣ እናቶቹ ሰንበቴ ገበያ ናቸው፣ እነሱ ሲመለሱ መብራቱ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቆቡ የልጅ ልቦና ይሰልባል የሚል ወሬ ተነዛ። እማዬ ወሬውን ስትሰማ ተናደደችና ሩመይሳን እየጎተተች አመጣቻት። የሚጎዳ ከሆነ የእኔን የልጅ ልጅ ይጉዳ ብላ ሰው ሁሉ እያየ ቆቡን አስደረገቻት። ቆቡ ምን እንደሚናገር አላወቀችም።

ልጅሽ አላለቀሰችም። ድምፁን ለቀቅሁ፣ ሞገድ የለም። ሽቦውን ነቅዬ ደግሜ አጣበቅሁ፣ ድምፁን ጨመርሁ፣ ኮምፒውተሩን ሰደብሁ። በብርሃን ስሞክር አንጎሏ እንደማንኛውም ልጅ ጥርት አድርጎ መለሰ። በድምፅ ግን ምንም። እነ እማዬ ዓይን አፋር ናት፣ ጨዋ ናት፣ አፍ ሳይፈታ የሚቆይ ልጅ ሞልቷል ሲሉኝ ነበር የከረሙት።

አዲስ አበባ ያለው መምህሬ የማትሰማ ልጅ ለጥናቱ አትሆንምና አውጫት ብሎ ጻፈልኝ። ከጥናቱ አወጣኋት፤ ከራሴ ግን አልወጣ አለች። ደሴ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድሁ። ምናልባት ጡት ሳትጥል የያዛት ትኩሳት ይሆናል፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ለእማዬ ስነግራት አልደነገጠችም። ያበሸቀኝ ይኼ ነው። ለካ ታውቅ ኖሯል። ለምን ከእታለሜ ደበቅሽ ስላት፣ ሰው ቤት ብቻዋን ስታለቅስ ማን አይዞሽ ይላታል? ኮንትራቷን ጥላ ብትጠፋና ብትታሰር ማን ይደርስላታል? አለችኝ። ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ እንደ በልግ ዝናብ ነው፣ ካለፈ አለፈ፤ ቋንቋ ደግሞ በእጅም ይሆናል ብዬ አስረዳኋት። እጇን እያወናጨፈች የሰው መሳቂያ ትሁን ወይ? አለችኝ። ስንት ዓመት ስለ ልጆች አንጎል ተምሬ፣ ከገዛ እናቴ ጋር መነጋገር አቃተኝ።

ተቆጣችም አልተቆጣችም፣ ሩመይሳን ደሴ የምልክት ቋንቋ ከምታስተምር ሴት ዘንድ እያመላለስኋት ነው። ውሃ በእጇ ትጠይቃለች። ማንጎ ትጠይቃለች። ስዘገይባት በእጇ ትሰድበኛለች፤ ስድቡን ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ጁምዓን አትጠብቂ። መሊካ ቁጥሬን ትሰጥሻለች፣ ምስል በሚያሳየው ደውይልኝ። ዝም ብትልሽ እንዳትደነግጪ፤ እጇን እይ። ሥራሽንም በድንጋጤ ጥለሽ እንዳትወጪ፣ አደራ። መምጫሽን አብረን እንመክርበታለን።

በእማዬ ለመናደድ እኔ እበቃለሁ፣ አንቺ ተያት። የጎረቤታችንን የሙሀመድኑርን ልጅ፣ አሻንም እንዳትቀየሚያት። የሩመይሳ እኩያ ናት፣ አፏ የተፈታ፣ ፋቲሓን አሳምራ የምትቀራ። እማዬ ጁምዓ ጁምዓ ስትደውይ ስልኩን ልታስይዛት በብስኩት እያባበለች ትጠራታለች። ባለፈው ለብቻዬ ጠርታ፣ ጅዳ ያለችው እናቴ መቼ ነው የምትመጣው? አለችኝ።

አላህ ልብሽን ያጽናው፣ ከክፉ ሰው እጅ ይጠብቅሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ታናሽ እህትሽ