የማያመው እጅ

ቢቸና፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለእታለም ይርጋነሽ፣
ሰው በመርፌ እያስለቀሰች ደመወዝ ለምትበላው እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ሆስፒታሉስ? እኔ ከአንገቴ በላይ ደህና ነኝ። ከአንገቴ በታች ያለውን ግን እንደ ቅርጫ ሥጋ በየብልቱ እየመደብኩ እነግርሻለሁና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረችው መስሎሽ እንዳትስቂ፤ ምክንያቱን ኋላ ትደርሽበታለሽ።

የዘውድ በዓሉ የብስክሌት ውድድር ተጀምሯል። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ሉማሜ አደርን፣ ደጀን አደርን፣ ዛሬ ቢቸና ገባን። ነገ በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ላይ ያልቃል። እምዬ መድረሻው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ተወስዶ በበዓሉ ሰልፍ ያልፋል፤ ከሰልፉ በኋላ አንቺ ዘንድ መጥቶ እራትሽን ይበላል ማለት ነው። እምዬ አሁን በሶሽን አስፈጭታ በስልቻ ቋጥራለች። ዓይንሽን ካየች ስንት ክረምት እንዳለፈ አንቺም ታውቂያለሽ። «አንተ እንኳ አይተሃት ና» ትለኛለች በመጣች በሄደች ቁጥር።

እስከዛሬ ማን ይመራል መሰለሽ? እኔ። አላመንሽም አይደል? ፋንታም አላመነም። ፋንታ የደብረ ኤልያሱ ልጅ ነው፣ ሁለተኛ ነው፣ ጭኑ የግራር ግንድ ያህላል፤ ሲስቅ ግን እንደ ሙሽራ አፉን ይሸፍናል።

አሁን ወደ ሕመሜ። በላክሽልኝ ምክር ሁሉ ሠርቻለሁ፣ በኋላ አልሰማኝም እንዳትይ። ጉልበቴ ሲወጋኝ ኮርቻውን በሁለት ጣት ከፍ አደረግሁት፤ ተወኝ። ባቴን ሲጨመድደኝ ውሃዬ ላይ ጨው ጨመርኩ፤ ጣዕሙ የበግ ሽንት ነው፣ ግን ተወኝ። አንገቴን አቀበት ላይ እንደ ደብተራ ግራና ቀኝ እወዘውዘዋለሁ። መቀመጫዬ የተላጠውን በለጋ ቅቤ አሸዋለሁ። ይኸው ሁሉም ያመኛል፣ ሁሉም ደህና ነው። የሚጮኽ ሕመም እንደ ሚስት ነው፤ የፈለገውን ከሰጠሽው ዝም ይላል። (ይህን ለባልሽ እንዳታነቢለት።)

ለእጄም ያልሽኝን አድርጌያለሁ። መሪውን አላንቅም፣ አያያዜን እቀያይራለሁ። ሳሊህ፣ ያ የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ የከሊፋ ልጅ፣ ከአባቱ ሱቅ ባመጣው አቡጀዲ መሪዬን ጠቅልሎልኛል። እሱም ይወዳደራል፤ ግን ለማሸነፍ ሳይሆን ለእኔ ቀልድ ለመሳቅ የመጣ ነው የሚመስለው።

ትናንት ደጀን ላይ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ፋንታ የሚታሸበትን ቅቤ በቆርቆሮ አስቀምጦ ወደ ወንዝ ወረደ። እኔ ሚጥሚጣ ጨመርኩበትና በቀኝ እጄ አማሰልኩት፣ ልውስ አድርጌ። ተመልሶ ታሸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለነርስ እንኳ መጻፍ ነውር ነው። የፈረሶቹ መጠጫ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አገሩ ሁሉ ከቦት፣ እናቴን እናቴን ሲል አመሸ። ሳሊህ ስቆ ስቆ መሬት ላይ ተኛ።

እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። እስከ አንጓው ቀልቷል። ትንሿ ጣቴ ላይ መሪው የላጣት ቁስል አለች፣ ሚጥሚጣው ገብቶባታል። ዝም። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝም አለች። አጠገቧ ያለችውን ነከስኳት፤ እሷም ዝም። ዛሬ ደግሞ የመሃሏ ጣት ተከትላቸዋለች፤ ሦስቱም አይጨብጡልኝም።

ይህን ለፋንታ አልነገርኩትም። ፋንታ አሁንም ቆሞ ነው እራቱን የሚበላው።

ቁስላችንን የሚያሽጉልን የውድድሩ ድሬሰር አቶ ገብረ ክርስቶስ ይባላሉ። ማታ ማታ ጎማ አያዩም፣ እጅ ነው የሚያዩት። በየተራ «ጨብጠኝ» ይላሉ፣ ቀኝም ግራም፤ መጨበጥ ያቃተውን በማግስቱ መኪናው ላይ ያስጭኑታል። ፍሬን በእጅ እንጂ በጸሎት አይያዝም ባይ ናቸው። እና ዛሬ ምን አደረግሁ? በርዶኛል ብዬ ከሳሊህ ጋር አንድ ጋቢ ለበስን። ግራዬን ራሴ ሰጠኋቸው። ቀኝህን ሲሉኝ ሳሊህ ከጋቢው ሥር የራሱን ቀኝ አወጣላቸው። «ይኼ እጅ በሬ ይጥላል» ብለው ትከሻዬን መቱኝ፣ አሳለፉኝ።

ሳሊህ ለቀልድ መስሎት ነበር። ኋላ ብቻችንን ስንሆን ለምን የራሴን እንዳልሰጠሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀልኝም።

ነገሩ ይኸውልሽ። የግራ ፍሬኔ ሽቦ ሉማሜ ላይ ተበጥሷል፣ መቀየሪያ እዚህ አገር የለም። ያለኝ የቀኙ ነው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ታስታውሺዋለሽ፤ አዲስ አበባ ስትሄጂ ጭነት መኪናው ላይ ሆነሽ ሽቅብ ስትወጪው በነጠላ ዓይንሽን የሸፈንሽበት። አሁን ጠጠር አልብሰውታል። ታች ያለው ድልድይ ያው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፈው ነው። አምና ከድልድዩ የወደቀው ጭነት መኪና እስካሁን ጎማው ወደ ሰማይ እንደሆነ ነው፣ ልጆች ከብት ሲያግዱ ይንተራሱታል አሉ።

መላ አበጅቻለሁ። ጠዋት ሳሊህ በአቡጀዲው ቀኝ እጄን ከፍሬኑ ጋር አጥብቆ ያስርልኛል። ጣቴ ባይጨብጥ ክንዴ ይስባል። ብልህ አይደለሁም?

«አስርሃለሁ» አለኝ ሳሊህ። «ስትወድቅ ማን ይፈታሃል?»

ከኋላዬ አንተ ትደርሳለህ አልኩት። ይኸው ማዶ ቁጭ ብሎ አቡጀዲውን በስሱ ይተለትላል፤ በቀላሉ እንዲበጠስ ይመስለኛል። የማላየው መስሎታል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ነገ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ የእህል መኪና ሹፌር ነው። እሱ ወደ አንቺ ሲወርድ እኔ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ስለዚህ ስታነቢው አትቆጪ፣ ቁጣሽ አይደርስብኝም። ነርስ ነሽና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ እንዲህ ዝም ያለ እጅ ይመለሳል? እንዲያው ለማወቅ ነው።

ለእምዬ ከጻፍሽላት ስለ ሚጥሚጣው ብቻ ንገሪያት፤ ትስቃለች።

የደብረ ወርቅ ማርያም አንቺን ትጠብቅሽ። ነገ ግን በደጇ ስለማልፍ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ለእኔ አውሺኝ።

አስቸጋሪው ወንድምሽ
ውበቴ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በግራዬ ነው፤ ገና ፊደል ቆጣሪ ናትና አትፍረጂባት። እቤትሽ ስመጣ ግን ቀኜን ነው የምዘረጋልሽ። አጥብቀሽ ጨብጪው፣ አትዘኚልኝ። አመመኝ ካልኩሽ ደስ ይበልሽ።