የፊታውራሪ ገብስ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ አምባቸው፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የአቃቂ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ከፋብሪካው ጥጥ ያመጣኸው ሳል ተወህ ወይ? ባለቤትህ ብርሀንነሽስ? ልጅህ ፈንታዬስ አድጋ ይሆን? እኔ ታናሽ ወንድምህ ቢተው አለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ለመጻፍ ግን ብዕሩ እሺ አላለኝም። አባባም እማማም በሕይወት አሉ። ይህን ያስቀደምሁት ዘንድሮ ከወሎ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ መርዶ ይሆናል ብሎ እየፈራ እንደሚከፍት ስለማውቅ ነው።

የአምናው መኸር ከሽፎ ነበር፤ የዘንድሮው በልግም ሳይዘንብ ቀረ። ሁለቱም በሬዎች ተሸጠው ተበልተዋል። የምክር ቤት ምርጫው እንግዲህ በዚህ መሀል መጣ። ፊታውራሪ አራጌ እኛን ወክለው አዲስ አበባ ከተቀመጡ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አገሩን የሚያዩት ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው። ዘንድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አቶ ንጉሡ ተወዳደሯቸው። አቶ ንጉሡ የገቡት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ምክር ቤት ቆሜ ወሎ ተርቧል እላለሁ አሉ። ፊታውራሪ ደግሞ ዝናብ አጠረ እንጂ ረሃብ የለም ባይ ናቸው። እኔም ከማስተማሩ በተረፈኝ ጊዜ ከአቶ ንጉሡ ጋር መንደር ለመንደር ስዞር ጫማዬ አለቀ።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው የፊታውራሪ ሰዎች በየቤቱ ሁለት ሁለት ቁና ገብስ አደሉ፤ ፊታውራሪን እንዲመርጥ ተቀባዩን በጊዮርጊስ እያስማሉ። እኔ አልነበርሁም። ስመለስ እማማ ቆሎ ሰጠችኝ፤ ከየት መጣ ሳልል በላሁ። አባባ መማላቸውን የነገሩኝ አፌ ሞልቶ ሳለ ነው። በረሃብ የተማለ መሐላ አይጸናም ብዬ ብለምናቸው፣ «የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም፤ አንተም በልተሃል» አሉኝ።

በምርጫው ቀን አባባ እግራቸው አልቆም አላቸው። ዓይናቸውም ካምና ወዲህ ጨርሶ አያይም። ከጎረቤታችን ከቸኮል ጋር በቃሬዛ ተሸክመን መካነ ሰላም ወሰድናቸው። የሚያገኘን ሰው ሁሉ ሬሳ እየመሰለው ይቆማል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማን ሞተ ብላ ማልቀስ ስትጀምር፣ አባባ ከቃሬዛው ላይ «አልሞትሁም እቴ፤ ልመርጥ ነው» አሏት። ቸኮል ሳቀ። እኔ መሳቁም ደከመኝ።

ማየት ስለማይችሉ እኔ እንዳግዛቸው ተፈቀደ። ወረቀቱ ላይ የፊታውራሪ ምልክት ፈረስ፣ የአቶ ንጉሡ ፋኖስ ነው። ብቻችንን ስንቀር እጄን ያዙና ፈረሱ ላይ ነው ወይ አሉኝ። ጭረቱን ፋኖሱ ላይ ባደርገው ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ፈረሱ ላይ አደረግሁና አዎ፣ ፈረሱ ላይ ነው አልኋቸው። አልዋሸኋቸውም። ደግ ሠርቼ ይሁን ክፉ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አቶ ንጉሡ በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፉ። ያንን ገብስ የበላው ከእኛ መንደር ብቻ ከሃያ ቤት ይበልጣል። ገብሱ ለዘጠኝ ቀን በቃን፤ ፊታውራሪ ለአራት ዓመት ገቡ። ውጤቱ በተነገረ ማግስት ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ደክሞኛል ጋሼ። መናደዱም አቅም ይፈልጋል።

ይህን ደብዳቤ ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ ሩቂያ እስከ ወረኢሉ ታደርስልኛለች፤ አላህ ያቆየው በልልኝ ብላለች። ለብርሀንነሽ እጅ ነሥቻለሁ፤ ፈንታዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ቸኮል በጣም ሰላም ብሎሃል። እማማ ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች፤ የምትልከው ካለ ላክ አላለችም፣ እኔ ግን ብያለሁ። አባባ እዚህ ድረስ የጻፍሁትን ባነብላቸው፣ የምርጫውን ወረቀት ይዘህ ስትቆይ ያኔም ገብቶኝ ነበር አሉኝ። ቀጥለውም ይህን ጨምርለት አሉ፦ «አምባቸው ለአዲስ አበባ ቅርብ ነውና ፊታውራሪ ደጅ ይሂድልኝ። አባቴ ቃሉን ጠብቋል፤ ገብሱ አልቋል፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው ብሎ ይንገርልኝ።»

ታናሽ ወንድምህ ቢተው
መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.