የክትባቱ ፍሪጅና ያንተ ቺፕ

ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ናሁሰናይ ወንድሜ፣

የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፍሪጁም ሠራ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ «ቺፑን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥራውን ልተወው ነው» ያልከውን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ስለ ሰነበትኩ ነው።

ቺፕህ ባለበት፣ በላክኸው መቆጣጠሪያ የጤና ጣቢያችን የፀሐይ ኃይል ፍሪጅ ሁለት ሳምንት በደህና ሠራ። ከዚያ ውርጩ ሲጠና፣ ሞተሩ ሊነሳ ሲል ሁሉም ድርግም ይላል፤ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይጠፋል። የኩፍኝ ክትባቱ እንዳይበላሽብኝ በበረዶ ሣጥን ይዤ በጭነት መኪና መሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል አደረስኩት። ስመለስ ሬዲዮ ጠጋኙን ጋሼ ወልደ ጻድቅን ለመንኳቸው።

ቺፑን ለብቻው ፈተሹት፤ ምንም አላገኙበትም። «እስቲ ሞተሩን አስነሺው ልጄ» አሉኝ። ሳስነሳው የኃይል መለኪያቸው መርፌ ወደ ታች ወረደ።

«ይኸው። ውርጩ ባትሪውን አድክሞታል፤ ሞተሩ ሲነሳ ኃይሉን ሁሉ ይስበዋል፤ ቺፑ በዚያች አፍታ ተርቦ ራሱን ይስታል። በሬ ለብቻው ሲቆም ሁሉም ደህና ይመስላል፤ የሚታወቀው ሲጠመድ ነው።»

ለቺፑ ከባትሪው የራሱን ሽቦ ሳቡለት፤ ከአሮጌ ቴፕም ኃይል የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ ፈትተው አጠገቡ ገጠሙለት። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ አንዴም አልጠፋም። ማክሰኞ ስልሳ ሁለት ሕፃናት ከተብን።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ። ቺፕህ ጤነኛ ነው፤ ጥፋትህ ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሽቦው ምን ያህል እንደሚርቅ ሳትጠይቀኝ መንደፍህ ነው። ለአለቆችህም ይህንኑ ንገራቸው። የሚቀጥለውን ስትነድፍ ባትሪውንም፣ ሞተሩንም፣ የእኛንም ውርጭ አብረህ አስብ። ሥራህን ግን አትተው።

እማዬ ስትቀበር ባለመምጣትህ አባባ ስምህን እንደማያነሱ ታውቃለህ። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ መጥተው «የእሱ ሥራ የትኛው ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ከጥፍር አይበልጥም እኮ» አሉና ሞተሩ እስኪነሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ። ሲነሳ አማተቡ።

አሁንም አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ልጻፍልዎት ወይ ብላቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ፤ የጀመርከውን ታስጨርስህ።

እህትህ አደይ አምባዬ

ከፈረምኩ በኋላ አባባ ፖስታውን ከእጄ ወሰዱት። በላዩ የምታየው «ናሁሰናይ አምባዬ» የሚለው ጽሕፈት የእኔ አይደለም።